ያልተመዘገበው አድራሻ

«ጨው ዘገየ» አሉ ሲ ሙንጂ፣ ሻያቸው ላይ የተንሳፈፈውን የጥድ ፍሬ በማንኪያ እየለቀሙ።

ራውያ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ የላ ጉሌትን ወደብ በሻይ ቤቱ መስኮት ቃኘች። ጨው የምስጢር ስም ነው። ሰውየው እሷና ሲ ሙንጂ በሚሰልሏቸው የመሣሪያ ነጋዴዎች የመርከብ ድርጅት ጸሐፊ ሆኖ የጭነት ሰነድ ይሰርቅላቸዋል። እሷም ድረ ገጽ ሠሪ መስላ እዚያው ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ጨው ሰነዱን የሚያስቀምጠው በራሱ በድርጅቱ ድረ ገጽ ሥር በተደበቀ ገጽ ላይ ነው። ሌባን በገዛ ጎተራው!

በዚያ ገጽ የተነሣ ከአለቃዋ ከሲ ሙንጂ ጋር ተጨቃጭቃለች። እሳቸው ለያንዳንዱ ገጽ የራሱ ንዑስ አድራሻ ይመዝገብለት ባይ ናቸው። እሷ አሻፈረኝ አለች። የተመዘገበ ስም ማንም ሊያየው ይችላል፤ የታየ ደግሞ ይታደናል። በስሙ ቦታ «ማንኛውም ስም» ማለት የሆነውን የኮከብ ምልክት (*) ብቻ አስገባች። በአድራሻው ከነጥቡ በፊት ምንም ስም ቢጻፍ አንድ ገጽ ይከፈታል። ሰነዱ ያለበት እውነተኛው ስም የትኛው እንደሆነ ከእሷና ከጨው በቀር የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ወር ግን አንድ ሰው ተይዞባቸዋል። ከውስጥ የሚያቃጥር አለ። ስለዚህ ሁለት የሐሰት ስም እውነተኛ አስመስላ ሰጠች፤ ለመልእክተኛው ለሉጥፊ «ሩማን»፣ ለሲ ሙንጂ «ዘይቱን»።

ስልኳ ነዘረ፤ ከሐሰተኞቹ ስሞች አንዱ ሲከፈት እንዲያሳውቃት አድርጋዋለች።

ዘይቱን ተከፍቷል። የከፈተው የነጋዴዎቹ ቢሮ ነው።

ሲ ሙንጂ ናቸው! ዘጠኝ ዓመት ሥራ ያስተማሯት ሰው! ወደ ሻይ ቤቱ እንዳይመጣ ነግራው መርከብ ጣቢያው በር ላይ ትእዛዟን ለሚጠብቀው ለጨው ሁለት ቃል ላከች። «ተሳፈር። አሁን።»

«ስለ ምን ሸጡን?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሲ ሙንጂ አልካዱም። ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ደርሰውብሽ ነበር፣ ልጄ። ወይ እሷን ወይ ሌባውን አሉኝ። ጨውን አላውቀውም። አንቺን አውቅሻለሁ።»

ልትሰድባቸው አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት።

«እሱ እንደሆነ አይመጣም» አለች።

«እንግዲያው እኔን ይዘው ይሄዳሉ።» በዓይናቸው ውጭ የቆመውን ነጭ መኪና አሳዩዋት። ውስጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። «በወጥ ቤቱ በኩል ውጪ። አትሩጪ።»

አልሮጠችም።

መርከቡ እኩለ ቀን ላይ ጨውን ከነሰነዱ ይዞ ወጣ። በሳምንቱ የመሣሪያው ጭነት ባሕር ላይ ተያዘ።

ራውያ ስፋክስ ከተማ ውስጥ በሌላ ስም ለአንድ ዳቦ ቤት ድረ ገጽ እየሠራች ነበር። የሲ ሙንጂ አስከሬን ከወደቡ ውሃ መውጣቱን ከጋዜጣ አነበበች። የለቅሶው ቤት አድራሻም ተጽፏል።

ልትደርስ ፈለገች። ማን ነኝ ብላ?