ያልተቀባው ፓራፋንጎ

ሽማግሌው መኪናዋ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር የሞተው። ተሸፍኖ የተኛው አሁን ከጎኗ ነው፤ ከአንሶላው የወጡት ሁለት ጫማዎቹ ብቻ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ የኖረ ባለጋራዥ ነበር፤ ዕድሜዋ የእሱን የሚያህል አሮጌ አገር አቋራጭ መኪና ከክሪክ ላይ ተንሸራታ ደረቱ ላይ ወደቀችበት።

መርማሪው ሲደርስ የፖሊስ አለቃው ሥራውን ጨርሶ ነበር። የጋራዡ በያጅ እጁ በካቴና ታስሮ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብሏል። የግራ እጁ ሌባ ጣት የለችም፤ ድሮ ላሜራ በልቷታል።

«ምን ትዞራለህ? አለቀ እኮ!» አለ አለቃው። «ጠዋት ከሽማግሌው ጋር ተጣልቶ ‹ይህች መኪና ላይህ ላይ ትውደቅ› ብሎታል። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ሰዓት ሳይሞላ ወደቀችበት። ነገ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

መርማሪው መኪናዋን መዞሩን ቀጠለ። እሱ በለፋበት መዝገብ ላይ ስማቸውን ጽፈው የተሾሙ አለቆች አይቷል። ይህ አምስተኛው ነው።

ጎንበስ ብሎ የፊተኛውን ግራ ፓራፋንጎ፣ የጎማውን መሸፈኛ ቆርቆሮ፣ አየ። ዝገት የበላው የታችኛው ጠርዝ ተቆርጦ ወጥቷል፤ በቦታው አዲስ ላሜራ ተበይዶ፣ ስፌቱ እስኪጠፋ ተፍቆ፣ እንደ መስታወት ያበራል። ቤንዚን ቤንዚን ይላል። አጠገቡ ክዳኑ የተከፈተ ቆርቆሮ አለ፤ ላዩ ላይ የተጋደመው ብሩሽ ግን ደረቅ ነው። መኪናዋን ከክሪኩ ጋር ይደግፉ ከነበሩት ሁለት የእንጨት ጉማጆች አንዱ ወድቆ የተገኘው ግድግዳው ጥግ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ቆርቆሮውን እያሳየ።

«አንቲሩጅን» አለ በያጁ። «ዝገት መከላከያ። ብረቱ ተፍቆ፣ በቤንዚን ተጠርጎ እንዳለቀ ወዲያው ይቀባል። ጋሼ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እሱን ሳይቀባ አይሄድም ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ሳይቀባ መኪና ሥር ለምን ገባ?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ? እኔማ ገዳይ ተብዬ የለ!»

«ብረቱን በጓንት ነው የምትይዙት?»

«በባዶ እጁ የነካ ወዮለት! እኔን አንዴ በመዶሻ እጀታ ጣቴን ብሎኛል። ለምን ሲሉት ‹ነገ ታየዋለህ› ነው መልሱ።»

መርማሪው ይህን በቁራጭ እርሳሱ ጻፈው።

«ያጣላችሁ ምንድን ነው?»

በያጁ በአገጩ ቀኙን ፓራፋንጎ አመለከተ። «አምና ከዚሁ ጋራዥ ነው ተጠግኖ የወጣው። ጋሼ ዛሬ ማግኔት ቢያስጠጋበት አልያዝ አለ። ቢፍቀው ጋዜጣና የስቱኮ ሊጥ! ዝገቱን ቆርጦ በማውጣት ፈንታ በስቱኮ ደፍነውታል። ‹በእኔ ስም!› እያለ እኔን ሌባ አለኝ። ያን ቀን አልጋ ላይ ነበርኩ። ብነግረው መች ሰማኝ? ከዚያ አፌ አመለጠኝ።»

ሬሳውን ያገኘው የጋራዡ ቀለም ቀቢ ነበር። ክርኑ ድረስ ቀለምና ግሪስ ተለውሷል።

«ቲነር ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ወድቃበታለች። ጮህኩ። ጎረቤቶቹ መካኒኮች ጓንታቸውን እንዳደረጉ መጥተው ከፊት ባምፐሩ በሰንሰለት አነሷት።»

«ፓራፋንጎውን የነካ አለ?»

«ማንም። ሰንሰለቱ ከላይ ነው።»

«ስቱኮውንስ ማን ደፈነው?»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የምቀባው።»

«ማን አዘዘህ?»

ቀለም ቀቢው ወደ ቢሮው መስኮት አንዴ ሰረቅ አድርጎ አየ።

በመስኮቱ በኩል የሟች አማች ተቀምጧል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። በግራ እጁ ያለውን ሰፊ የወርቅ ቀለበት ያሽከረክራል። ከኋላው ሚስቱ፣ የሟች ልጅ፣ ዓይኗ አብጦ ቆማለች።

«እኔ እዚያ ውስጥ እግሬን አላስገባም» አለ አማቹ። «ዘይቱም ዝገቱም ለነሱ ነው። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም። ከዚህ ወንበር አልተነሣሁም። ጩኸት ስሰማ በር ላይ ቆምኩ፤ ደፉን አላለፍኩም።»

«እውነቱን ነው» አለች ሚስቱ፣ ፊቷን ሳታዞር። «አባቴን ለማንሣት እንኳ አልገባም።»

መርማሪው ሰውን ሁሉ አስወጥቶ፣ ጋራዡን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ቆርቆሮ ልትጠብቅ ነው?» አለ አለቃው፣ ሁሉ እንዲሰማ እየሳቀ። «ጠብቅ! ነገ ስምንት ሰዓት ሰውዬህ ዳኛ ፊት ነው።»

ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ እስኪነጋ አላባራም።

በማግስቱ ጠዋት አለቃውን፣ በያጁን፣ ቀለም ቀቢውን፣ አማቹንና ሚስቱን መኪናዋ ዙሪያ አቆማቸው። ፓራፋንጎው በጆንያ ተሸፍኗል። በያጁ ከነካቴናው ነው።

«ሽማግሌው የተፈቀ ብረት ሳይቀባ የሚሄድ ሰው አልነበረም» አለ መርማሪው። «ትናንት ግን ቆርቆሮውን ከፍቶ፣ ብሩሹን ሳይነክር መኪና ሥር ገባ። ከተፈቀ ብረት ላይ እሱን የሚያስነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ‹ሌላም ቦታ በስብሳለች፣ ግባና እይ› ያለው ሰው አለ። ሲገባ ጉማጁ በእግር ተመታ። በራሱ ቢንሸራተት መኪናዋ ሥር በቀረ እንጂ ግድግዳ ጥግ ባልሄደ። ከዚያ መኪናዋ ተገፋች። መኪና የሚገፋ ሰው እጁን የሆነ ቦታ ያሳርፋል።»

ጆንያውን ገፈፈው።

ትናንት እንደ መስታወት ያበራ በነበረው ብረት ላይ አንድ ሙሉ መዳፍ ታትሟል። ቀይ፣ የዝገት መዳፍ። የግራ እጅ ነው፤ አምስቱም ጣቶች አሉ።

«የእጅ ላብ ጨው አለው» አለ መርማሪው። «ባዶ ብረት በባዶ እጅ ሲነካ የዚያን ሰዓት ምንም አይታይም። በማግስቱ ይዝጋል። ሽማግሌው ‹ነገ ታየዋለህ› ይል የነበረው ይህንን ነው። በያጁ በዚህ እጁ ሌባ ጣት የለውም። በቀለም ቀቢው እጅ ያለው ግሪስ ብረቱን ከዝገት ይከላከልለታል እንጂ አያዝገውም። አሁን የቀለበት ጣቱን ሥር እዩ።»

ሁሉም ጎንበስ አሉ። እዚያ ጋ ዝገቱ ተቋርጦ፣ ቀለበት የሚያህል ብረት እንዳበራ ቀርቷል።

አማቹ እጁን ኪሱ ከተተ። «ሌላ ቀን ነክቼው ይሆናል!»

«ይህ ላሜራ ተበይዶ የተፈቀው ትናንት ጠዋት ነው። ሌላ ቀን የለውም። ደፉን አላለፍኩም ያልከውም ራስህ ነህ።»

ቀለም ቀቢው ድንገት ጮኸ። «እሱ ነው ‹ስቱኮ ደፍንበት፣ ማን ያየዋል› ያለኝ! ቲነር ልገዛ ስወጣ ለጋሼ ነገርኩት። ‹ና ውጣ! ጋራዡን ለበያጁ ነው የማስረክበው!› ብሎ ወደ ቢሮው ሲጮኽ ሰምቻለሁ። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት!»

«አንተ ውሻ!» አለ አማቹ።

ሚስቱ ቀረብ ብላ መዳፉን አየችው። «ሰባት ዓመት አባቴ ‹ጓንት አድርግና ና፣ ላሳይህ› ሲልህ ‹እኔ ሠራተኛህ አይደለሁም› ስትለው ኖርክ» አለች። «አንድ ቀን ብትማር ኖሮ ታመልጥ ነበር።» ከዚያ ፊቱ ላይ ተፋችበት።

አለቃው ይቅርታ አልጠየቀም። ካቴናውን ከበያጁ እጅ ፈትቶ አማቹ ላይ አሰረ፤ ወዲያው ሪፖርቱን በራሱ ስም ሊጽፍ ወጣ።

በያጁ አንጓውን እያሻሸ ፓራፋንጎውን አየ። የዝናቡ እርጥበት ሌላውንም ብረት በዝገት ነጠብጣብ ማድረግ ጀምሮ ነበር። ብሩሹን አነሣ።

«ልቀባው? ጋሼ ሳልቀባው ቢያየኝ ዛሬ ገደለኝ። ዝገቱ ይብሳል።»

መርማሪው አስጠርቶት የመጣው ፎቶ አንሺ መዳፉን አንሥቶ እስኪሄድ ጠበቀ።

«ዙሪያውን ቀባ» አለው። «እጁን ተወው።»

በያጁ ጓንቱን አጠለቀና ብሩሹን ነከረ።