ከቁስቋም የጠፋው ራውተር

ራውተሩ ከመስኮቱ ላይ ጠፍቷል። ቻርጀሩም የለም።

አጠገቡ ያለው ቴሌቪዥን አልተነካም። በሩ አልተሰበረም። የመስኮቱ መስታወትም ደህና ነው።

ሳጅን ሀዳነ ቤቱን ዞሮ አየ። ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ቤት ነው። እማማ ሸዋረግ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ልጃቸው ትዕግስት «ተይው፣ ይቅር» ብትላቸውም እምቢ ብለው ጣቢያ ድረስ ሄደው ያመለከቱት ራሳቸው ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ ሌባ ይህን ምን ያደርግለታል?» አሉት። «ወርቄ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አለ። እሱን ትቶ ዋይፋዬን?»

«ለምን ይጠቀሙበት ነበር?»

«እህቴን ላይበት።»

እህታቸው አልማዝ የሚኖሩት እስራኤል ነው። ቤተ እስራኤል የሆነው ቤተሰባቸው በሙሉ ሲሄድ ሸዋረግ ክርስቲያን አግብተው ስለነበር ጎንደር ቀሩ። ለብዙ ዘመን የተገናኙት በሚቆራረጥ ስልክ ብቻ ነበር። አምና የአልማዝ ልጅ ሳሪት ራውተሩን አስገዛችላቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እህትማማቾች ሽንኩርት እየከተፉ እንኳ በቪዲዮ ያወሩ ነበር። ወሬው ሲያልቅም ዝም ብለው ይተያያሉ።

«ባለፈው ሳወራት ድምፅዋ ደክሞ ነበር» አሉ ሸዋረግ። «እንዴት እንዳደረች ሳላውቅ ይኸው ተሰረቅሁ።»

ትዕግስት ሻይ ይዛ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሳጅን፣ ለዚህ ዕቃ ብለው አይድከሙ። ሌላ እገዛላታለሁ።»

«ሲጠፋ ቤት ማን ነበር?»

«ማንም። እሷ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ እኔ ገበያ ወጥቼ ነበር።»

«ቁልፉስ ማን ጋ ነው?»

«እኔና እሷ ጋ።»

«የገጠመልን ልጅም ቤቱን ያውቀዋል» አሉ ሸዋረግ እያመነቱ። «ኪሩ ይባላል። ሸጋ ልጅ ነው። ሰሞኑን መጥቶ አይቶት፣ እንዲህ ያለው አሁን ገበያ ላይ የለም ብሎኝ ነበር።»

ሳጅኑ የራውተሩን ካርቶን ተቀብሎ ወጣ።

የኪሩ ሱቅ ፒያሳ ነው። ሀዳነ ገና ሲገባ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ነጭ ራውተር። ካርቶኑ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አንድ ነው።

«ይህ ከየት መጣ?»

ኪሩ ደነገጠ። «ደንበኛ ለጥገና ያመጣው ነው።»

ሳጅኑ ራውተሩን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያየው። አይገጥምም። ዕቃውን ወደ ቦታው መለሰው።

«ለእማማ ሸዋረግ ይህንን ለምን መረጥክ?»

«የመስመር ኢንተርኔት እነሱ ሰፈር ገና አልደረሰም። ስለዚህ ሲም ካርድ የሚገባበትን መረጥን። ሳሎኑ መሀል ሳስቀምጠው ኔትወርኩን ግድግዳው ዋጠው። ቤቱን እየዞርኩ ሞከርኩ። መስኮቱ ላይ ሳደርገው እህታቸው ጥርት ብለው ታዩ። እማማ ስልኩን ሳሙት።» ኪሩ አንገቱን ደፋ። «እኔ ያንን ልሰርቅ?»

«መብራት ሲጠፋስ ምን ያደርጋሉ?»

«የስልካቸውን ዳታ ከፍቼላቸዋለሁ። ጥቅሉን የምሞላውም እኔ ነኝ፤ አላለቀም። ራውተሩ ባይኖርም ስልኩ በራሱ ይሠራል።»

ሀዳነ በሩ ላይ ቆመ። ታዲያ እማማ በስልኩ እህታቸውን ለምን አላገኟቸውም?

ወደ ቁስቋም ተመለሰ። የእማማን ስልክ ተቀብሎ ተመለከተ። ዳታው ተዘግቷል።

«ይህን እርስዎ ነክተውታል?»

«እኔ የማውቀው የእህቴን ፎቶ መጫን ነው።»

ሳጅኑ ሊከፍተው ጣቱን አነሳ።

«አይክፈቱት!»

ትዕግስት ናት። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ቀረበች።

«ምነው?» አሉ እናትየው።

«ባትሪውን... ባትሪውን ይጨርሰዋል።»

ባትሪው ሙሉ ነበር። ሀዳነ የልጅቱን ፊት አየ። ዳታውን ሳይከፍት ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«እማማ፣ ትዕግስት የጓሮውን በር ታሳየኝ» አለ።

ጓሮ ሲደርሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ራውተሩ የት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ሌባ ራውተር ይወስዳል። የእናትሽን ስልክ ዳታ ግን አይዘጋም። ይህን ያደረገው ቁልፍ ያለው፣ ስልኩንም የሚያገኝ ሰው ነው። እሳቸው ከማንም ጋር እንዳይገናኙ የፈለገ ሰው።»

ትዕግስት ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«ጎተራው ውስጥ፣ ገብሱ ሥር ቀብሬዋለሁ።»

«ለምን?»

«አክስቴ አልማዝ አርፋለች።»

ሳጅኑ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሳሪት መጀመሪያ ለእኔ ደወለች» አለች ትዕግስት። «እማዬ ደም ግፊት አለባት፤ አምና ወድቃ ለትንሽ ነው የተረፈችው። ወንድሜ ባምላክ ሳንጃ ሰሊጥ ሊገዛ ሄዷል። ስልኩ አልሠራ ሲለኝ ሰው ላክሁበት። እሱ ሳይኖር፣ ንስሐ አባቷ ሳይኖሩ እንዴት ልንገራት? ስልኳ ኢንተርኔት ካገኘ ደግሞ ዘመዱ ሁሉ የአክስቴን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎታል። መርዶዋን ብቻዋን ከስልክ ላይ ታንብበው? ጣቢያ ትሄዳለች ብዬ አላሰብኩም።»

ሀዳነ አጠገቧ ተቀመጠ።

«የአባቴን ሞት የሰማሁት አውቶቡስ ውስጥ፣ ከማላውቀው ሰው ነው» አለ። «ባምላክ መቼ ይገባል?»

«ዛሬ ማታ።»

«እናትሽን አልዋሻቸውም። ግን ምርመራዬ እስከ ነገ ጠዋት አያልቅም።»

ሳሎን ሲመለሱ እማማ ቀና አሉ። «አገኘኸው?»

«ነገ ጠዋት መጥቼ እነግርዎታለሁ፣ እማማ።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ማታ ገብቶ ጎረቤት ያደረው ባምላክ፣ የእናቱ ንስሐ አባትና ጎረቤቶች ደጅ ቆመዋል። ሳጅን ሀዳነም የደንብ ልብሱን ትቶ ጋቢ ለብሶ ከኋላቸው አለ። ሸዋረግ አንድ በአንድ አዩዋቸው። ሳንጃ መሆን የነበረበት ልጃቸው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ።

«አልማዝ ናት?» አሉ።

ባምላክ እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው።

ፀሐይ ወጥታ ልቅሶው ሲበርድ ትዕግስት የገብስ አቧራ የለበሰውን ራውተር ታቅፋ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«እኔ ነኝ የሰረቅሁት።»

ሸዋረግ ዕቃውን አላዩትም። ያዩት የልጃቸውን ያበጠ ዓይን ነው። ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ብቻሽን ስታለቅሺ ነበር?»

እናቷ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ነጠላቸውን አለበሷት። ሀዳነ ወደ ደጁ ዞር አለ።

«ልጄ፣ ክሴን አንስቻለሁ» አሉት ሸዋረግ ከኋላው። «ይልቅ ያንን ልጅ ጥራልኝ።»

ኪሩ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነበር።

«ዋይፋዩ እዚህ ውጭ ይሠራ ይሆን?» ሲሉ እማማ ጠየቁት። «የአልማዝም ልጆች እዚያ ብቻቸውን አያልቅሱ።»

ኪሩ ገመድ ቀጥሎ ራውተሩን ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ አሰረው። ትንሽ ጠበቁ። ሳሪት ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ እንደተቀመጠች በእማማ ስልክ ላይ ታየች። አክስቷን ስታይ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች፤ ቁስቋም ድንኳን ውስጥ ያሉት ሴቶችም በልቅሶ ተቀበሏት።