ቀዩ ሰሌዳ ላይ የተሰቀለው መዶሻ

ሻለቃ ኪዳነወልድ የተገኘው ወርክሾፑ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ሥር በአፍጢሙ ተደፍቶ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። አንዴ ቢመታ ይበቃው ነበር፤ የመታው ሰው ግን ስድስቴ ደጋግሞታል። ደሙ እስከ በሩ ሄዶ ረግቷል።

ቦታው ከኮሶዬ ከፍ ብላ ያለች ወታደራዊ የምርምር ጣቢያ ናት። ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነው። ቴክኒክ ክፍል ሬዲዮና ድሮን ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይሞክራል። ድጋፍ ክፍል ውሃውን፣ ጀነሬተሩንና የወርክሾፑን ዕቃ ይይዛል። ይይዝ ነበር ቢባል ይሻላል፤ ባለፈው ሐሙስ የቴክኒኩ ኃላፊ ኪዳነወልድ አዲስ መዋቅር አስጸድቆ ጀነሬተሩንም አብዛኛውን ዕቃም ወደ ራሱ ክፍል ጠቅልሎታል።

ኢንስፔክተር እስከዳር ከጎንደር አራት ሰዓት ላይ ስትደርስ፣ የጥበቃው አዛዥ ሃምሳ አለቃ ቢያዝን ገዳይ ይዞ ጠበቃት። የድጋፍ ክፍል ዕቃ ጠባቂዋን የትነበርሽን ከጀነሬተሩ ምሰሶ ጋር አስሯታል። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ የቀኝ እጇ ጣቶች አብጠው አይታጠፉም።

«በምን መታሃት?»

«በጠመንጃ መወልወያ ዘንግ። የወርክሾፑ ቁልፍ ያለው ሟቹና እሷ ጋ ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳታል። እስከዚያ ታምናለች።»

«ሟቹ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገብቶ ቢሆንስ?»

ቢያዝን የእጅ ሰዓቱን አየ።

«እስከ ስድስት ሰዓት ጊዜው የኔ ነው» አለች እስከዳር። «ማንም እንዳይነካት።»

ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ሁለት የዕቃ ሰሌዳ አለ፣ ቀይና ሰማያዊ። ሰማያዊው ላይ የየዕቃው ቅርጽ በነጭ ቀለም ተስሏል፤ ፒንሳው በቅርጹ፣ ካቻቪቴው በቅርጹ ተሰቅሏል። የትልቁ መዶሻ ቅርጽ ግን ባዶውን ነው። መዶሻው ቀዩ ሰሌዳ ላይ፣ ባዶ ሚስማሮች መሀል ለብቻው ተንጠልጥሏል። ብረቱ ታጥቧል። እጀታው የሚገባበት ስንጥቅ ውስጥ ሁለት ሽበት ተጣብቋል።

ሐኪሙ ሟቹ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ላይ እንደሞተ ነገራት። ሬሳው የተገኘው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ወታደር ቆሟል።

መጀመሪያ የትነበርሽን ጠየቀቻት።

«ትልቁ መዶሻ የት ነው የሚሰቀለው፣ እትዬ የትነበርሽ?»

«ሰማያዊው ላይ ነዋ፣ ልጄ። ሐሙስ ‹ቀዩ የድጋፍ፣ ሰማያዊው የቴክኒክ› ተባለና በገዛ እጄ አዛወርኩት። ሰማያዊውን ሰሌዳ ያን ዕለት ግድግዳው ላይ የመታው ይኸው እኔን የሚደበድበው ቢያዝን ነው፤ ቅርጹን የሳልኩት እኔ። ምነው?»

ቀጥሎ ሬሳውን ያገኘው የቴክኒክ ባለሙያ ዐብዱልከሪም ገባ። የጎንደር ነጋዴ ልጅ ነው።

«ትናንት ከሰማያዊው ያወረድኩት እኔ ነኝ። ስወጣ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።»

«ቦታው ሳትመልስ?»

«ቴክኒክ ነኛ። የትነበርሽ ‹የናንተ ዲግሪ ዕቃ ጥሎ መሄድ ነው› ትለናለች። እውነቷን ነው።»

መጨረሻ የገባው የድጋፍ ክፍል ኃላፊው ሻምበል ሰውአገኝ ነው። ምድጃው እየነደደ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«ዐሥር ቀን እረፍት ላይ እንፍራንዝ ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል በዋናው በር ስገባ ሰው ይሯሯጣል። ወርክሾፑን በዓይኔ አላየሁትም። መዋቅሩንም የሰማሁት አሁን ነው።»

«ትልቁ መዶሻ የት ነው የሚሰቀለው?»

«ቀዩ ላይ፣ ከበሩ በኩል ሦስተኛው ሚስማር። ስድስት ዓመት ሙሉ። ዕቃ ተጠቅሞ ቦታው የማይመልስ ሰው እኔ ክፍል አይሠራም።»

እስከዳር አመሰገነችውና ወደ ታች፣ ከግቢው ወደሚያስወጣው የውሃ መሳቢያው ትንሽ በር ወረደች። ጓጉንቸሩ ሳይሰበር ተከፍቶ ተንጠልጥሏል። የዚያ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ቢያዝንን ጠየቀችውና ተመለሰች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም መመገቢያ አዳራሽ ሰበሰበች። የትነበርሽ እጇ እንደታሰረ ገባች።

«ገዳዩ መዶሻውን ያገኘው ጠረጴዛው ላይ ነው» አለች እስከዳር። «መታበት፣ አጠበው፣ ሰቀለው። ደም ባፈሰሰ እጁ ዕቃ ቦታው የሚመልስ ሰው ቴክኒክ አይደለም። ዐብዱልከሪም ቢሆን እዚያው ጥሎት ይወጣል።»

ዐብዱልከሪም አንገቱን ደፋ።

«እና ገዳዩ የድጋፍ ሰው ነዋ፤ እሷው ናት» አለ ቢያዝን።

«እሷ ብትሆን ሰማያዊው ላይ፣ ራሷ የሳለችው ቅርጽ ላይ ትሰቅለዋለች።»

«አሳስታን ቢሆንስ?»

«ሊያሳስት ብሎ ያስቀመጠ ሰው እንዲታይለት ይጠቁማል። አንተ ጣቷን ስትሰብር ስለ ቀዩ ሰሌዳ አንዲት ቃል ተነፈሰች? ሰማያዊውን ሰሌዳ የመታኸው አንተ ስለሆንክ አንተም ቦታውን ታውቃለህ። ከሐሙስ ወዲህ እዚህ የዋለ ሁሉ ያውቃል። መዶሻውን የሰቀለው እረፍት ላይ የነበረ ሰው ነው። የውሃው በር ቁልፍም ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው፤ ጠዋት በዚያ ገብቶ ወጣና በኋላ በዋናው በር እንደ አዲስ መጣ። ሻምበል፣ ጃኬትዎን ያውልቁ።»

ሰውአገኝ አግዳሚ ወንበሩን ብድግ አድርጎ ወረወረ። ወንበሩ ዐብዱልከሪምን ደረቱ ላይ መታው። ሻምበሉ ተንደርድሮ የእስከዳርን ጉሮሮ በሁለት እጁ አነቀ፤ ግድግዳው ላይ አጣበቃት። እሷ በግንባሯ አፍንጫውን መታችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ቢያዝን በሰደፍ ትከሻውን ደልቆ ጣለው። ጃኬቱ ተቀደደ። የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ በደም ደርቋል።

«መዋቅሩን በስልክ ነገሩኝ» አለ ሰውአገኝ ወለሉ ላይ ሆኖ፣ ደም እየተፋ። «ላናግረው ነው የመጣሁት። ‹ድጋፍ ማለት ውሃ መቅዳት ነው፣ እሱንም ካልቻልክ ተወው› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ስድስት ዓመት የሠራሁትን።»

ቢያዝን ጠመንጃውን አንግቶ ወደ የትነበርሽ ሄደ፤ ገመዷን ሊፈታ እጁን ዘረጋ።

«አንተ አትንካኝ» አለችው።

«ትጥቅህን አስረክብ» አለች እስከዳር፣ ጉሮሮዋን እያሸች። «አንተም ከሱ ጋር ትሄዳለህ።»

«እኔ ምን አጠፋሁ? ገዳይ መስላኝ ነው እኮ።»

«እሱን ለሚጠይቁህ ንገራቸው።»

የትነበርሽ ስትታሰርም ስትደበደብም ዓይኗ እርጥብ አላለም ነበር። ዐብዱልከሪም ደረቱን በአንድ እጁ ይዞ፣ ያበጡ ጣቶቿን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ ቋጠሮውን ሲፈታላት ግን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።