የእነሱ ስምንት

ሰውዬው ለሦስተኛ ጊዜ ሲያንኳኳ ኢናቭ ትንፋሿን ያዘች። በካልሲ ብቻ ከበሩ ኋላ ቆማ በማያው ቀዳዳ ታየዋለች። ቀጭን ነው፤ አቧራ የነካው ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሷል። በግራ እጁ ባልዲ ይዟል፤ ከባልዲው የግንበኛ ማንኪያና የመዶሻ እጀታ ብቅ ብለዋል። በብብቱ ሥር የግድግዳ ቀጥታ የሚለካበት ረጅም ቢጫ ውሃ ልክ አለ። የስልኳ ሰዓት 14:05 ይላል።

«ቤቶች!» አለ ሰውዬው። «ቤቶች! ጌታው ነኝ። ለመታጠቢያ ቤቱ ነው የመጣሁት።»

ስሙን ስትሰማ ክው አለች። እናቷ ይህን ሰው ስትጠብቅ ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ቤት ተቀምጣ፣ በመጨረሻ ተናዳ ወደ ሥራዋ ሄዳለች። «አልመጣም ልጄ» የሚለው የድምፅ መልእክቷ ኢናቭ ስልክ ላይ አለ። ሰውዬው ግን መጥቷል። በስምንት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ በስምንት ሰዓት መጥቷል፤ እሱ በሚቆጥረው ስምንት ሰዓት።

ጌታው ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ከኢናቭ ጀርባ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው አሮጌ የቤት ስልክ ጮኸ። እስከ ሰባት ቆጠረች። ጥሪው በሩን አልፎ ደረጃው ላይ እንደሚሰማ ገባት፤ ሰውዬው አንገቱን ወደ በሩ አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር። በሩን ለመክፈት እጀታውን መጫን ብቻ ይበቃ ነበር። ከከፈተች ግን እናቷ ጧቱን ሙሉ ለምን በከንቱ እንደጠበቀች መናገር ይኖርባታል። አልከፈተችም።

ጌታው ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ወደ ሌላ ሰው ደወለ።

«አይ፣ ሰው የለም» ሲል ሰማችው። «ምን አውቃለሁ? ሰው ታሞባቸው ድንገት ወጥተው ይሆናል። እስቲ ትንሽ ልጠብቅ።»

ሃያ ደቂቃ ጠበቀ። ከዚያ ተነሳ፤ ባልዲው ወለሉ ላይ የተወውን ነጭ ክብ አቧራ በጨርቅ ጠርጎ ወረደ።

ነገሩ የተበላሸው ከአንድ ቀን በፊት፣ ሰኞ ነው። መታጠቢያ ቤታቸው ከሁለት ወር ወዲህ ውሃ ወደ ታች ያንጠባጥባል። መጀመሪያ የመጣው ሠራተኛ ሲሊኮን ለቅልቆ «አለቀ» ብሎ ሄደ፤ በሳምንቱ ውሃው ተመለሰ። ሁለተኛው ከግድግዳው አራት ሴራሚክ ነቅሎ፣ ነገ እመጣለሁ፣ ነገ እመጣለሁ እያለ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ የሚታጠቡት በጣሳ ነው። ከእነሱ ፎቅ ሥር የሚኖረው ኒሲም ደረጃው ላይ ባገኛቸው ቁጥር ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ እናቷን «ይርገዱ፣ የምትታጠቡት እናንተ፣ የምረጥበው እኔ!» ይላል። መጀመሪያ እየሳቀ ነበር። አሁን አይስቅም።

በመጨረሻ ሰው ያገኘችላቸው የእናቷ የቆየች ጓደኛ አስቻለች ናት። «አያ ጌታው ይባላሉ። ጎንደር ግንበኛ ነበሩ» አለች። «ከመጡ ገና አራት ዓመታቸው ነው፤ ነሸር ከተማ አንድ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራሉ። እጃቸውን አይቻለሁ፣ አያሳፍሩሽም።»

ሰኞ ዕለት የቤቱ ስልክ ሲጮህ እናቷ ይርገዱ ልብስ ልታሰጣ ጣራ ላይ ወጥታ ነበር። ኢናቭ አነሳችው።

«እናትሽ የለች?» አለ አንድ የወንድ ድምፅ። «ጌታው ነኝ። ነገ በስምንት ሰዓት እመጣለሁ በያት፣ ልጄ።»

«ቤሰደር፣ እሺ» አለችና ዘጋች። ጆሮዋ ስልኩ ላይ ቢሆንም ዓይኗ በእጅ ስልኳ የክፍል ጓደኞቿ በሚጻጻፉበት ቡድን ላይ ነበር።

እናቷ ባዶ ቅርጫት ይዛ ስትወርድ «ጌታው ነገ በስምንት ይመጣል» አለቻት።

«ይመጣሉ ነው የሚባል» አለች ይርገዱ። ኢናቭ እዚሁ ሃይፋ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አንቱታ ሁልጊዜ ያመልጣታል። «የእኛ ስምንት ነው የእነሱ?»

«የእነሱ።»

«ጠይቀሻቸዋል? እኔ እኮ ፈረቃ ማስለወጥ አለብኝ።»

«ዲ፣ በቃ እማ! ጠይቄዋለሁ!»

አልጠየቀችም። እዚህ አገር ስምንት ሲባል ጧት ነው፤ ምን ያስጠይቃል? ይርገዱ የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። የጧት ፈረቃዋን የሚይዝላት እስክታገኝ ሁለት ባልደረቦቿን ለመነች።

ማክሰኞ ማምሻውን ይርገዱ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠየቀች።

«ከሄድሁ በኋላ ሰው መጥቶ ነበር?»

ኢናቭ ዓይኗን ከደብተሯ አላነሳችም። «ማንም አልመጣም።»

«እንደው ስልክስ አያነሳም? ጧት ሁለት ጊዜ ደወልሁለት። አልችልም ይበል፤ ሰው አልችልም ማለት ነውር ነው? አሁን ከኒሲም ፊት ምን ብዬ ልቁም?»

ኢናቭ አንድ ነገር አስተዋለች። ትናንት «ይመጣሉ» ነበር። ዛሬ «አያነሳም» ሆነ። ሰውዬው በአንድ ቀን ከአንቱ ወደ አንተ ወርዷል፤ ያወረደችው ደግሞ እሷ ናት።

ረቡዕ ልትናገር አስባ ነበር፤ እናቷን ራሷን አሟት ዋለች። ሐሙስም አስባ ነበር፤ ኒሲም የቤቱን ኮርኒስ እርጥበት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሊያሳያቸው መጣ። እያንዳንዱ ቀን የራሱ ምክንያት ነበረው። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ሴራሚካቸው የተነቀለውን አራት ባዶ ቦታዎች እያየች ምክንያቶቿን አንድ በአንድ መረመረቻቸው። ሁሉም ፍርሃት ነበሩ። ሰውዬው ቢሳደብ ኖሮ፣ በሩን በእግሩ ቢመታ ኖሮ፣ ይቀላት ነበር። እሱ ግን «ሰው ታሞባቸው ይሆናል» ነበር ያለው።

አርብ ከሰዓት፣ ሻባት፣ ሰንበቱ፣ ሳይገባ፣ ይርገዱ ጎመን ስትከትፍ የእጅ ስልኳ ጮኸ። እጇ እርጥብ ስለነበር ኢናቭ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችላት።

«ይርገድዬ!» አለች አስቻለች። «ሻባት ሳይገባ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሞዓዶኑን ወጥ ቤትና መጸዳጃ ሴራሚክ ልናስቀይር ነው።» ሞዓዶን የሚሉት የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን መሰብሰቢያ ቤት ነው፤ አስቻለች ኮሚቴው ውስጥ አለችበት። «ሰው የምንመርጠው እሑድ ነው። አያ ጌታውን እኔ ነኝ ያቀረብኋቸው። እዚህ አገር ትልቅ ሥራ አግኝተው አያውቁም፤ ይኸን ካገኙ ሌላው ይከተላል። ኮሚቴው ግን ‹ማን ያውቃቸዋል?› አለኝ። ምስክሬ አንች ነሽ። እንዴት ናቸው?»

ይርገዱ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አስቻለች… እጄ እርጥብ ነው። አሁኑኑ መልሼ ልደውልልሽ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የተከተፈውን ጎመን በእጇ ሰበሰበች።

«ምን ልበላት?» አለች፣ ለኢናቭም ለራሷም። «የሰው እንጀራ መዝጋት አልወድም። ጥሩ ሰው ነው ብዬ ደግሞ አልዋሽም። ያየሁትን ነው የምናገር። ጠበቅሁት፣ አልመጣም። ያየሁት ይኸ ነው።»

እናቷ ያላየችውን የማትናገር ሴት ናት። ሰዎችም «ይርገዱ ካለች አለች ነው» ይላሉ። አሁን ሐሰት ልትናገር ነው፤ ሐሰት መሆኑን ሳታውቅ፣ በሙሉ ልቧ።

ይርገዱ እጇን በፎጣ ጠርጋ፣ እንደበፊቱ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ደወለች።

«እማ፣ እኔ ላናግራት» አለች ኢናቭ።

«አንች? ስለ ምን?»

«ስለ ጌታው። ስጭኝ።»

ይርገዱ ግራ ገብቷት ስልኩን ሰጠቻት።

«ዶዳ አስቻለች፣ ኢናቭ ነኝ» አለች። «ዶዳ»፣ አክስቴ፣ ነው የምትላት። «ጌታው… አያ ጌታው ማክሰኞ መጥተው ነበር። በስምንት እመጣለሁ ብለው ነበር፤ በእኛ ስምንት፣ ከሰዓት። እኔ ለእማ በእነሱ ነው አልኋት። ጧት ጠበቀቻቸው። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም።»

ከዚያ የአስቻለች ሳቅ ወጥ ቤቱን ሞላው።

«ወይ ጉድ! ወይ ይኸ ሰዓት! እኔን ራሴን የወንድሜን ልጅ ሠርግ አስቀርቶኛል እኮ! ስደርስ ወንበር ሲያነሱ!»

ይርገዱም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ከማክሰኞ ወዲህ ስትስቅ ይኸ የመጀመሪያዋ ነው። «እኔን! እኒያ ሰውዬ ምን ብለውኝ ይሆን! እኔ ደግሞ ምኑን ሳልናገር ቀረሁ!»

«ምን አለው፣ ልጅ ይሳሳታል» አለች አስቻለች። «እንዲያውም ጥሩ ሆነ። ለኮሚቴው ባሉት ሰዓት የሚደርሱ ሰው ናቸው እላለሁ፤ ሥራቸውን እንደሁ እኔው አይቻለሁ። በይ ለእናትሽ ስጫት፣ ዛሬውኑ ትደውልላቸው።»

በቃ። ጌታው ሥራውን ያገኛል፤ ግድግዳው ይደፈናል፤ ኒሲምም ዝም ይላል። እናቷ ፈገግ ብላ እጇን ለስልኩ ዘርግታ ትጠብቃለች። ሰውዬው ከሰዓት መምጣቱን ኢናቭ በምን እንዳወቀች ማንም አልጠየቃትም። ዛሬ ካልጠየቁ ነገም አይጠይቁም። የሰዓት ስህተት ነው፤ ትልልቆቹም የሚሳሳቱት፣ የሚሳቅበት ስህተት። በር ተከፍቶለት ሊገባ የሚገባው ሰው ሃያ ደቂቃ ደረጃ ላይ መቀመጡ ግን የሰዓት ስህተት አልነበረም።

ኢናቭ የእናቷን ፈገግታ አየች፤ ሲጠፋም ታያት። ስልኩን አልሰጠቻትም።

«ዶዳ፣ አትዝጊ» አለች። «ገና አልጨረስሁም።»