የዘቦች ማንኪያ

በአርዜም ግንብ አናት ላይ ሲነድ የኖረው የዘቦች መብራት በጠራራ ፀሐይ እልም ብሎ ጠፋ። ወዲያው ከገደሉ ሥር ጉም ተነሣ፤ ከጉሙም ጋር ጉልማዎች መጡ። ሰው የሚበሉ፣ እንደ ሰው የሚናገሩ፣ በዚያ መብራት ፊት ግን መቆም የማይችሉ ፍጥረታት ናቸው።

ጥፋቱ የንጉሡ ነው። በአርዜም ገበያ የሚገበያዩት በዘይት ነው፤ የሸጠ ሁሉ ከዋጋው ላይ አንድ ማንኪያ ለዘቦች ማሰሮ ይሰጣል። መብራቱ የሚነደውም፣ ዘቦቹ የሚኖሩትም በዚያች ማንኪያ ነበር። ንጉሥ ዘርዳን ግን ማሰሮውን ለልጁ ሰርግ አስወሰደው። የእጁን ይስጠው!

«የማልሁበት ግንብ ሲወድቅ ቁጭ ብዬ አላይም!» አለች ወጣቷ ዘብ ሰንዳይ። ወንድሟን ወርዳንና ሽማግሌውን ዘብ አባ ደረሞን አስከትላ ቤተ መንግሥት ገባች፤ ማሰሮውን ሰርቀው ወጡ። ሲመለሱ አባ ደረሞ ጉሙ ውስጥ ቀሩ። እህትና ወንድም ጩኸታቸውን እየሰሙ እንኳ ዞር ማለት አልቻሉም።

ዘይቱን መብራቱ ላይ ቢያፈሱት አልነድ አለ። ቢለኩሱት፣ ቢለምኑት፣ እምቢ። ሰንዳይ በመሐላዋ ቀን የተነገራት ትዝ ያላት ያኔ ነው፤ ለሌላ ጉዳይ የተወሰደ ድርሻ አይነድም። አዲስ ሽያጭ፣ አዲስ ማንኪያ ያስፈልጋል። ገበያው ደግሞ ኦና ነው። ከታች ጉልማዎቹ የከተማው ሰው የተሸሸገበትን የግንቡን ምድር ቤት በር እየቦረቦሩ ነበር።

«ምን የሚሸጥ አለን?» አለች በተሰበረ ድምፅ።

«እኔ አለሁ» አላት ወርዳ።

«አፍህን ዝጋ! ምን ነካህ?»

«ሰንዳዬ፣ ስሚኝ። ጉልማ ውል አያፈርስም፤ ስቡም እንደ ዘይት ይነዳል። ሽጪኝ። አለዚያ ሁላችንም እናልቃለን።»

አለቀሰች፤ ንጉሡን ረገመች፤ ሌላ መላ ግን አጣች። ከግንቡ ላይ ጎንበስ ብላ ጮኸች። «የጉልማዎች አለቃ ሆይ! ወንድሜን እሸጥልሃለሁ! ዋጋው አንድ ቀንድ ሙሉ ስብ ነው!»

«ገዝቻለሁ!» አለ አለቃው እየሳቀ። የማንኪያውን ሕግ የት ያውቃል! ከገዛ ጎኑ ቆርሶ ቀንዱን ሞላና ባወረደችለት ገመድ ላከላት። ወርዳ ግንባሯን ሳማት፤ በዚያው ገመድ ወረደ።

ሰንዳይ ከቀንዱ አንድ ማንኪያ ጨልፋ መብራቱ ላይ አደረገች። ቦግ አለ! ጉሙ ተገፈፈ፤ ጉልማዎቹ እየጮኹ ወደ ገደላቸው ሸሹ። የገዙትንም ይዘውት ሄዱ።

በማግስቱ ገበያው ቆመ። ሰንዳይ ማንኪያዋን ይዛ በሻጮቹ መካከል ስትዞር አንድ የበርበሬ ነጋዴ ዘይቱን እስከ ግማሽ ብቻ አንጠባጠበላት።

«እህቴ፣ ዛሬን እንኳ በግማሽ ብታልፊኝ ምን አለበት? መብራቱ እንደሆነ በርቷል።»

«ሙላው» አለችው።

«ኧረ በዛ፣ እኛም እኮ ልጆች አሉን...»

«ሙላው! ወንድሜን ሸጬበታለሁ።»

ሰውየው እያጉረመረመ ሞላላት።