የአንድ በረራ ሁለት አዛዦች

ዋና አብራሪ አሪስቲዴስ ኪኞኔስ በአሮጌው የጭነት አውሮፕላን ሆድ ስር በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። የቪያቪሴንሲዮ አውሮፕላን ማረፊያ ቀትር ያቃጥላል። መርማሪ ኦፌሊያ ባሪዬንቶስ እግሯ ጫማዋ ውስጥ አብጦ፣ ጡረታዋን በልቧ እያሰበች፣ አስከሬኑ አጠገብ ቆማ ሽቅብ ተመለከተች።

«ከበሩ ወድቆ ነው» አለ መካኒኩ ዬሲድ። «ከምሳ ስመለስ እንዲሁ ተደፍቶ አገኘሁት። ጭነት ሲያይ አዳልጦት ይሆናል።»

«በሩን ማን ዘጋው ታዲያ?»

«የቱን በር?»

«የወደቀበትን። ጭንቅላቱ የተፈነከተ ሰው ተነስቶ በር ይዘጋል እንዴ?»

ዬሲድ ቀና ብሎ አየ። በሩ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ከጎማው ስር ከሚወተፉት የእንጨት ሽብልቆች አንዱ ደግሞ ቦታው ላይ የለም። ፖሊሶቹ ሲፈልጉ ደም እንደነካው ሣር ውስጥ ተጥሎ አገኙት። ኦፌሊያ በረጅሙ ተነፈሰች። አደጋ ቢሆን ኖሮ ቤቷ ገብታ እግሯን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትነክር ነበር።

ፖሊሶቹ ግን ሰው ይዘዋል። ጠዋት ከሟቹ ጋር ሚቱ የምትባለው የጫካ ከተማ ደርሳ የተመለሰችው ረዳት አብራሪ ዮሊማ ቶቫር ከአውሮፕላኑ ስትወርድ «አስር ዓመት! ፈርምልኝ እንጂ!» ብላ ስትጮህበት አገር ሰምቷል።

«ምኑን ነው የሚፈርምልሽ፣ ልጄ?» አለች ኦፌሊያ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ።

«ሰዓቴን። የምንበረው ሁለት ሆነን ነው፤ አዛዡ ግን አንድ ነው። የኔ ሰዓት በረዳትነት ነው የሚመዘገበው፤ መቶ ዓመት ብበር በዚያ ሰዓት አዛዥ አልሆንም። የአዛዡን ሥራ ሁሉ እኔ ሠርቼ፣ እሱ ጣልቃ ሳይገባ ካየኝ፣ ሲወርድ ይፈርምልኛል። ያኔ ሰዓቱ በክትትል ስር በአዛዥነት ይያዝልኛል። ካልፈረመ የለም።»

«ዛሬስ ሠርተሻል?»

ዮሊማ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሚቱ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ሜዳው አጭር ነው፤ ዙሪያው ጫካ። ኪኞኔስ እዚያ ማሳረፉን ዕድሜውን ሙሉ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ዛሬ ግን እጁን ከመሪው አንስቶ ‹ያንቺ ነው› አለኝ። እስክንቆም ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።»

«ማን አየሽ?»

«ማን ያየኛል? ከውጭ የቆመ ሰው መሪውን ማን እንደያዘ አያውቅም። ስንመለስ የጫንነው ዓሣ ነው፤ ዓሣ አይመሰክር።»

«ለሰውስ ነገርሽ?»

«ሳይፈረም ባወራው መሳቂያ ነው የምሆነው። ከእርስዎ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ፈርምልኝ ስለው ‹ነገ› አለኝ። ጮህኩበትና ቤቴ ሄድኩ። እመቤቴ፣ ደክሞኛል እንጂ ሰው አልገድልም።»

የጭነት አየር ድርጅቱ ባለቤት ዶኛ ኤልቪራ ሎሳዳ ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል። ሰውየው በሞተበት ሰዓት ከጸሐፊያቸው ጋር ቢሮ ውስጥ ነበሩ። «ከወረደ ጀምሮ አላየሁትም፤ ቢሮም አልገባ» አሉ። «በዚህ ወር ጡረታ ሊወጣ ነበር። ‹ያበላሸሁትን ሳላስተካክል አልሄድም› ይል ነበር፤ ምኑን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

«መሞቱን ለሌላው አብራሪያችሁ ለካፒቴን ሬንዶን ማን ነገረው?»

«እኔ፣ በስልክ። ‹ኪኞኔስ ሞተ፣ ቶሎ ና› ብዬ ልቅሶ አሸነፈኝ።»

ሊባርዶ ሬንዶን የድርጅቱ ሌላው ዋና አብራሪ ነው፤ ሥራውን የተማረው ከኪኞኔስ ሥር ሆኖ ነው። በተተኮሰ ሸሚዝ፣ ትከሻው ላይ የወርቅ መስመሮቹን ደርድሮ መጣ።

«ከጠዋት ጀምሮ ስልክ እስኪደወልልኝ ድረስ ቤቴ የገመድ አልጋዬ ላይ ነበርኩ» አለ። «ዮሊማ ግን አሳዘነችኝ። ሰው ያን ሁሉ ዘመን ጠብቆ፣ ሚቱን በመሰለ አስቸጋሪ ሜዳ ላይ አሳርፎ፣ ፊርማ ሲከለከል ደሙ ይፈላል። እኔም ብሆን…»

«እርስዎም ቢሆኑ?»

«ይከፋኝ ነበር ማለቴ ነው።»

ኦፌሊያ ከመቀመጫዋ ተነሳች። የሁለቱን ካፒቴኖች የበረራ መዝገብ አስመጥታ ጎን ለጎን ገለጠች። ከዚያ ሁሉንም በአውሮፕላኑ መጠለያ ውስጥ ባዶ በርሜሎች ላይ አስቀመጠቻቸው። ዮሊማ እጇ በካቴና እንደታሰረ ነው።

«ደክሞኛል፤ አንዴ ነው የምናገረው» አለች ኦፌሊያ። «ሰውየው አልወደቀም፤ በሩ ዝግ ነው። የተመታው ከኋላው ነው፤ ስለዚህ ጀርባውን የሰጠው ለሚያምነው ሰው ነው። ዬሲድ ምሳ ላይ ነበር፤ የምግብ ቤቷ ባለቤት መስክራለች። ዶኛ ኤልቪራ ከጸሐፊያቸው አልተለዩም። ዮሊማ ተቆጥታ ነበር፤ ግን ፊርማዋ ያለው በሟቹ እጅ ነው። ከሁላችሁም ይልቅ በሕይወት እንዲኖርላት የምትፈልገው እሷ ነበረች። ካፒቴን ሬንዶን፣ ሚቱ ላይ ማን እንዳሳረፈ ከማን ሰሙ?»

«እ… ከዬሲድ መሰለኝ።»

«ከኔ?» ዬሲድ ከበርሜሉ ዘሎ ተነሳ። «እኔ ራሴ ገና አሁን መስማቴ! ኪኞኔስ ሚቱን ለሰው ሰጠ? ቀልድ ነው!»

«እኔም አላወቅሁም» አሉ ዶኛ ኤልቪራ ቀስ ብለው።

«የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው» አለች ኦፌሊያ። «አንዷ ለማንም አልተናገረችም። ሌላው ከአውሮፕላኑ ወርዶ የትም ሳይሄድ ሞተ። የነገረዎት እሱ ነው፤ የነገረዎትም እዚሁ ነው፤ ቤቴ ተኝቼ ነበር ባሉበት ሰዓት። በስልክ ነግሮዎት ቢሆን ኖሮ በዬሲድ አያሳብቡም ነበር። የእርስዎንና የሟቹን መዝገብ አየሁት። አብራችሁ በበረራችሁባቸው ዓመታት በአንድ በረራ ላይ ሁለታችሁም ‹አዛዥ› ብላችሁ ጽፋችኋል። በክትትል ነው የሚል ፊርማ የለም። አውሮፕላን ደግሞ ሁለት አዛዥ የለውም። ሊያስተካክል የነበረው ይህን ነው። እሱ ሲያስተካክል የሐሰት ሰዓትዎ ይሰረዛል፤ ያ ወርቅም ከትከሻዎ ይወርዳል።»

«ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚጽፈው!» ሬንዶን ጮኸ። «እሱም እያወቀ ዝም ብሎኛል! ዛሬ ጠርቶ ‹ነገ አቪዬሽን ባለሥልጣን ሄጄ እናገራለሁ› አለኝ። ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ…» ቃሉን ሳይጨርስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ካቴናው ከዮሊማ እጅ ወጥቶ ለሬንዶን ገባ። ኦፌሊያ ወደ ዶኛ ኤልቪራ ዞራ «የዚችን ልጅ ሰዓት ሌላ ሰው ሊፈርምላት አይችልም?» አለች።

«አይችልም። የሚፈርመው የዚያ በረራ አዛዥ ብቻ ነው።»

«ኪኞኔስ ስለኔ ምን አለህ?» አለችው ዮሊማ ሬንዶንን።

ሬንዶን ቀና ብሎ አላያትም። «‹ሚቱ ላይ እኔ እንኳ ዛሬ እሷ እንዳሳረፈችው አሳርፌ አላውቅም› አለ። ‹የሚገባትን ልፈርም ነው። ግን ለአንተ ውሸት ዝም ባልኩበት እጅ የሷን እውነት አልፈርምም፤ መጀመሪያ ያን ላጥራ።› እንዲህ ነው ያለው።»

ፖሊሶቹ ሊወስዱት ሲሉ ዮሊማ መንገዳቸው ላይ ቆመች። እንባዋ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም።

«ድገምልኝ» አለችው። «ልክ እሱ እንዳለው።»

ኦፌሊያ ፖሊሶቹን በእጇ አስቆመች፤ ሬንዶን ከመጀመሪያው ጀምሮ እስኪደግመው ሁሉም ቆመው ጠበቁ።