የመጀመሪያው ገጽ ፎቶ

የጂቱ አስከሬን የተገኘው እንጦጦ፣ ከገደሉ ሥር፣ ባሕር ዛፉ መሃል ነው። ኮምፒውተሯ ከነቦርሳው አጠገቧ ወድቋል። የጠፉ ሰዎች ማፈላለጊያ ድረ ገጿ ሊከፈት ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ሥራውን የጀመረችው ከሁለት ዓመት በፊት ደብዛው የጠፋውን ወንድሟን በዳዳን ፍለጋ ስትንከራተት ነው።

ከቀብሩ በኋላ ኢንስፔክተር ሐመልማል እናቲቱን ወይዘሮ ዘውድነሽን ይዛ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወዳለው ቢሮ ገባች። የጂቱ ሦስት ባልደረቦች አንገታቸውን ደፍተው ጠበቋቸው። ሐመልማል የእናቲቱን ዓይን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«የሞተችበት ዕለት ጂቱ ስለ ገጹ አስተያየታችሁን ተቀብላ ወደ ቤቷ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ያያት ወይም በስልክ ያናገራት አለ?» አለች ሐመልማል።

«የለም» አሉ ሦስቱም።

«ገጹ ከመከፈቱ በፊት ምን ይስተካከል ትላላችሁ?»

«ፊደሉ ይተልቅ፤ የሚያነቡት እናቶች ናቸው» አለች ሲፋን።

«መፈለጊያው ይንቀራፈፋል» አለ ተክሌ።

ፊልሞና ላቡን ጠረገ። «የመጀመሪያው ገጽ ፎቶ ይቀየር። ባለ ቀይ ኮፍያው። የቤተሰቡን ቁስል መነካካት ነው።»

ሲፋን ዞረች። «የምን ኮፍያ? እዚያ ያለው የእጆች ፎቶ ነው እኮ!»



«ልክ ነሽ» አለች ሐመልማል። «ጂቱ የእጆቹን ፎቶ በወንድሟ ፎቶ የቀየረችው ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ነው። ኔትወርክ ስላልነበረ ሳትጭነው ቀረች። አዲሱ ገጽ ያለው ኮምፒውተሯ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊልሞና፣ ከቤቷ ከወጣች በኋላ አግኝተሃታል። ደግሞ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጋዋለች። ኮፍያው ቀይ መሆኑን በምን አወቅህ?» ወደ እናቲቱ ዞረች። «እማማ፣ በዳዳ ኮፍያውን መቼ ነው የገዛው?»

«የጠፋ ዕለት ጠዋት» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ። «አድርጎት ሲወጣ በስልኬ አነሳሁት። እስከ ሞተችበት ቀን ለጂቱም አላሳየኋትም፤ አላስችል ብሎኝ።»

ፊልሞና ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

«የመኪናዬ ፍሬን እምቢ አለኝ... በዳዳ ድንገት መንገድ ሲገባ ገጨሁት። ፈርቼ ቀበርኩት። ጂቱ መንገድ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ "እንዴት ነው?" ስትለኝ አልቻልኩም፤ ነገርኳት። ለፖሊስ ልትደውል ስትል ስልኩን ልቀማ ታገልኳት። ገፋኋት።»

ሲፋን ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ተክሌ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ግን አላለቀሱም።

«ልጄን የት ነው የቀበርከው?»

«እንጦጦ፣ ከገደሉ ከፍ ብሎ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት፣ ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ።»

አሮጊቷ የሐመልማልን ክንድ ያዙ።

«እዚያ ድንጋይ ላይ እኮ ነው» አሉ፣ «ከቤቴ ቁልቁል ስወርድ ሁልጊዜ አረፍ የምለው።»